የካቲት 12ን ንዴት አልወለደውም፦ «ማፍረስ የታሪክ ሞተር ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ማፍረስ የታሪክ ሞተር ነው» የሚል ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ከረመ። ለእኔም ከአንድ በላይ ወዳጅ ላከልኝ። ጸሐፊው ብዙ አንብበዋል፤ አማርኛቸውም ይጥማል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው። የተሳሳተ ሐሳብ በተንዛዛ አማርኛ ሲጻፍ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንባቢ ያጣል። አሳምረው ሲጽፉት ግን ሰው ልብ ውስጥ ይገባል።

ላላነበባችሁት፣ የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሰው በተፈጥሮው አፍራሽ ነው። ታላላቅ ድርሰቶች፣ ቅዱሳት መጻሕፍትም ሳይቀሩ፣ ጥፋትን ያከብራሉ። አዲስ ነገር ሁሉ ከአሮጌው አመድ ይወለዳል። የሚያቃጥል ሁሌም ያልተማረው ነው፤ የተቃጠለውንም ቢሆን ጊዜ ራሱ ማጥፋቱ ስለማይቀር ማልቀስ ትርፉ ድካም ነው። በመጨረሻም፣ ብዙ ሰው አብሮ ሲያብድ ተጠያቂ የሚባል ሰው የለም። ለዚህ ለመጨረሻው ነጥብ ምሳሌ ያደረጉት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን ነው። የአዲስ አበባን የሦስት ቀን ጭፍጨፋ «ንዴት ያሳበደው ሕዝብ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል።

እኔ የማምነው ሌላ ነው። ትልልቆቹ የታሪክ ጥፋቶች ሥራ ነበሩ። አቃጅ ነበራቸው፤ ነዳጅ፣ መኪና፣ የሰው ኃይልና ፈቃድ ጠይቀዋል። በትእዛዝ ተጀምረው በትእዛዝ ቆመዋል። ይህን ከዘነጋን አጥፊውን መጠየቅ ትተን «ምን ይደረግ፣ ሰው እንዲህ ነው» እያልን እንኖራለን። እስቲ ነጥብ በነጥብ ልሂድ። የውጭውን ታሪክ ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን ደግሞ ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ።

«ሰው በተፈጥሮው አፍራሽ ነው»

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከሕፃን ነው። ሕፃን የደረደረውን ነገር በእግሩ በትኖ ይስቃል፤ ስለዚህ ማፍረስ አብሮን ይወለዳል ይላሉ። ያው ሕፃን የደረደረውን ሌላ ልጅ መጥቶ ሲበትንበት ምን እንደሚሆን ግን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል። ራሱ ሲበትነውም መልሶ ሊደረድር ነው። ጸሐፊው መበተኑን አይተው መደርደሩን አላዩም።

ቀጥለው የሥነ ልቦና ሊቁን ሲግመንድ ፍሮይድን ይጠራሉ። ፍሮይድ በ1920 በሰው ውስጥ ወደ ሞትና ወደ ጥፋት የሚጎትት ኃይል አለ ብሎ መጻፉ እውነት ነው። ግማሹን ጠቅሶ ግማሹን መተው ግን ደግ አይደለም። ፍሮይድ ያንን ኃይል ብቻውን አልተወውም። ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር፣ ሕይወትን የሚያቆይ ሌላ ኃይል አጠገቡ አስቀምጧል። በ1932 አልበርት አንስታይን የሰውን ልጅ ከጦርነት የሚያድነው መንገድ ይኖር እንደሆነ በደብዳቤ ጠይቆት ነበር። ፍሮይድ ሲመልስለት ነገሩን አላቀለለውም፤ ግን ሰዎችን በስሜት የሚያስተሳስር ነገር ሁሉ፣ የሥልጣኔ እድገትም ጭምር፣ ጦርነትን ይቃወማል ብሎ ነው የደመደመው። «ተፈጥሯችን ስለሆነ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

«ሳይንስ ያረጋገጠው ሐቅ» የሚለውም አባባላቸው ልክ አይደለም። በ1986 ከተለያዩ አገሮች የመጡ 20 ሳይንቲስቶች በስፔን ሴቪያ ተሰብስበው ጦርነት በዘር የተጻፈብን ነው ማለት ሳይንሳዊ ስሕተት መሆኑን በመግለጫ አስታውቀዋል። ዩኔስኮም በ1989 ተቀብሎታል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ያላለቀ ክርክርን ያለቀ አስመስሎ ማቅረብ ግን ለአንባቢ ጥሩ አይደለም።

አሁን ከንድፈ ሐሳብ ወርደን መሬት ላይ የሆነውን እንይ። በ1944 የፖላንድ ዋና ከተማ የዋርሶ ሰዎች በያዛቸው የጀርመን ጦር ላይ ተነሥተው ነበር። አመፁ በጥቅምት ወር መጀመሪያ ተሸንፎ አበቃ። የተረፈው ሕዝብ ከከተማው ተባሮ ወጣ። ውጊያ የለም፤ የሚያናድድ ሰውም የለም፤ ከተማው ባዶ ነው። የማፍረሱ ሥራ ግን ቀጠለ። ልዩ ቡድኖች እሳት የሚተፋ መሣሪያና ፈንጂ ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ እስከ ጥር 1945 ድረስ ሲያቃጥሉና ሲያፈነዱ ከረሙ። ቤተ መዛግብት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሄደ። በመጨረሻ ከከተማዋ 85 በመቶ ያህሉ ፈርሶ ነበር።

ደመ ነፍስ እንዲህ አይሠራም። ንዴት ይነድዳል፤ ይበርዳል። ጠዋት ተነሥቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ትናንት ካቆመበት ሕንፃ ቀጥሎ ያለውን የሚጀምር ሰው ሥራ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ልጨምር። በ1945 የአሜሪካ መኮንኖችና ሳይንቲስቶች አቶሚክ ቦምብ የሚጣልባቸውን የጃፓን ከተሞች ሲመርጡ ኪዮቶ ከዝርዝሩ አናት ላይ ነበረች። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን እምቢ አሉ። ከተማዋን ከዓመታት በፊት አይተዋት ነበር፤ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶቿንም ያውቋቸው ነበር። መኮንኖቹ ደጋግመው ቢመልሷትም ሰውየው ደጋግመው ሰረዟት። ናጋሳኪ ወደ ዝርዝሩ የገባችው በመጨረሻ ላይ ነው። ነሐሴ 9 ቀን የተነሣው አውሮፕላን የመጀመሪያ ዒላማው ኮኩራ ነበረች፤ ሰማይዋ ስለተሸፈነ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። አንዷን ከተማ ብዕር አተረፋት፤ ሌላዋን ብዕር አስገባት። ይህን ታሪክ ይዞ «ተፈጥሮ ነው» ማለት ለእኔ በጣም ይከብደኛል።

«ሥነ ጽሑፍ ጥፋትን ያከብራል»

ይህ ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ አሳዘነኝ። መጻሕፍትን የሚወዱ ሰው የጻፉት ስለሆነ ነው።

ጸሐፊው የጥንቱን የግሪክ ገጣሚ የሆሜርን ኢሊያድ «የትሮይን መቃጠል የሚያወድስ መዝሙር» ይሉታል። ትሮይ በኢሊያድ ውስጥ አትቃጠልም። ድርሰቱ የሚዘጋው በትሮዩ ጀግና በሄክተር ቀብር ነው። ከቀብሩ በፊት ደግሞ ሽማግሌው ፕሪያም፣ የሄክተር አባት፣ በሌሊት ወደ ጠላቱ ድንኳን ይሄዳል። ልጁን የገደለውን የአኪለስን እጅ ይስማል። አስከሬኑን ስጠኝ ብሎ ይለምናል። ሁለቱ ጠላቶች አብረው ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ አኪለስም አስከሬኑን ይሰጠዋል፤ ለለቅሶውና ለቀብሩም ውጊያ የሚቆምባቸውን ቀናት ይፈቅዳል። በቁጣ የጀመረ ድርሰት መድረሻው እዚህ ነው። ገጣሚው ከተማዋን አቃጥሎ መጨረስ ይችል ነበር። አላደረገውም።

ከዚያም በፊት አለ። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የሱሜሮች ከተማ ዑር ስትፈርስ የተገጠመ የለቅሶ ግጥም በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ ደርሶናል። የከተማዋ አምላክ ኒንጋል ስለ ሕዝቧና ስለ ቤቷ ታለቅሳለች። እኛ ሙሾ የምንለው ነው። ስለ ፈረሰ ከተማ ከተጻፉት እጅግ ጥንታዊ ድርሰቶች አንዱ ሙሾ መሆኑ አይገርምም? አልቃሽ ሟችን የምታወድሰው ሞትን ስለምትወድ ነው የሚል ሰው አላውቅም። ስለ ጥፋት መጻፍና ጥፋትን ማክበር አንድ ናቸው ማለት ግን ልክ እንደዚያ ነው።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍቱ ልምጣ። ጸሐፊው ሰዶምንና የጥፋት ውኃን ጠቅሰው «እግዚአብሔር ራሱ አፍርሶ ነው የሚሠራው» ይላሉ። ስለ ሰዶም ሲያነሡ የአብርሃምን ክርክር ግን ዘልለውታል። አብርሃም ከተማዋ እንዳትጠፋ ከአምላኩ ጋር ገበያ እንደ ወጣ ሰው ይከራከራል። ሃምሳ ጻድቃን ቢገኙስ? አርባ አምስት ቢሆኑስ? እያለ እስከ አሥር ያወርደዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ደግሞ ከተማ ስትከብቡ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ አትቁረጡ ይላል። በጦርነት መሐል፣ ለጠላት ዛፍ።

ከሁሉ በላይ ግን ነነዌ አለችልን። ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ሆነው ነነዌን መርሳታቸው ገረመኝ። በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም በፊት ሦስት ቀን የምንጾምላት ከተማ ናት። የዮናስ መጽሐፍ ያልሆነ ጥፋት ታሪክ ነው። ትጠፋለች ተብሎ ታወጀ፤ ሕዝቡ ከንጉሡ ጀምሮ ማቅ ለበሰ፤ ከብቱም ሳይቀር ማቅ ለበሰ፤ ከተማዋ ተረፈች።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚደንቀኝ ዮናስ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ተቆጣ። ከከተማው ወጥቶ፣ ዳስ ሠርቶ፣ ምን እንደምትሆን ሊያይ ተቀመጠ። የጥፋት ተመልካች ሆነ ማለት ነው። ቅል በቀለችለትና አጠለለችው፤ ስትደርቅበት ደግሞ ሞቴን ምነው ባፋጠነው አለ። መልሱ መጣለት፦ ላልደከምህባትና ላላሳደግሃት ቅል ታዝናለህ፤ እኔስ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ላሉባት ለነነዌ አላዝንምን? መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያልቃል። ዮናስ የመለሰው አልተጻፈም።

ታሪካዊቷ ነነዌ በኋላ፣ በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በጦርነት ወድማለች። አባቶቻችን ግን ጾም የሠሩት ለወደመችበት ቀን አልነበረም። የተረፈችበትን ነው የያዙት። «ቅዱሳት መጻሕፍት ጥፋትን ያከብራሉ» የሚል ሰው ለዚህ ጾም ምን ብሎ እንደሚመልስ ማወቅ እፈልጋለሁ።

«አዲስ ነገር ሁሉ ከአመድ ይወለዳል»

ይህ የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ጸሐፊው ሦስት ማስረጃ ያቀርባሉ፦ የሰሜን አፍሪካዋን ጥንታዊ ከተማ ካርቴጅን፣ ጆሴፍ ሹምፔተርን፣ ዐፄ ቴዎድሮስን።

በሹምፔተር ብዙ አልቆይም። ኢኮኖሚስቱ በ1942 «ፈጣሪ ጥፋት» ያለው አዲስ ምርትና አዲስ አሠራር አሮጌውን ከገበያ የሚያስወጣበትን ሂደት ነው። ባቡር ሲመጣ ጋሪ ሥራ ያጣል። የጋሪ ነጂዎቹን ሰፈር አቃጥሉ ያለ ግን የለም። የገበያ ንድፈ ሐሳብን ለከተማ ቃጠሎ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

የካርቴጅ ይለያል። ሮማውያን ከተማዋን በ146 ከክርስቶስ ልደት በፊት አወደሟት። «መሬቷ ላይ ጨው ዘሩ፤ ከዚያ የሮም ገናናነት በቀለ» ይላሉ ጸሐፊው። ጨው ስለ መዝራታቸው የጻፈ አንድም የጥንት ጸሐፊ የለም፤ በኋላ ዘመን የተጨመረ ወሬ ነው። ሮምም ካርቴጅ ሳትወድም በፊት ገናና ነበረች። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሮማውያኑ ራሳቸው እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ከተማ መሠረቱ፤ ቦታው ድሮም ጥሩ ነበርና።

ከአመዱ ያልተወለደውን ደግሞ እንቁጠር። የካርቴጅ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ የጻፉት ሥነ ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ታሪካቸውን የምናውቀው ከጠላቶቻቸው አፍ ነው። የሚገርመው፣ የሮም ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍቱን ለአካባቢው ነገሥታት ሲያድል አንድ ሥራ ለይቶ አስቀርቷል። ማጎ የሚባል ሰው ስለ እርሻ የጻፋቸውን 28 መጻሕፍት ወደ ላቲን አስተረጎማቸው። አጥፊው እያጠፋም ይመርጣል። የሚጠቅመውን ያውቃል። አዛዡ ስኪፒዮም ከተማዋ ስትነድ አልቅሶ የትሮይን መውደቅ የሚያነሣ የሆሜር ስንኝ እንደ ጠቀሰ አጠገቡ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ መዝግቧል። የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስን በተመለከተ ከልቤ መናገር አለብኝ። ከብዙ ኢትዮጵያዊ ጋር ሆኜ እወዳቸዋለሁ። አንድ አገር የማድረግ ሕልማቸውን፣ መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ማለታቸውን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞቃል። ጎንደርን ማቃጠላቸውን ግን «አዲሲቱ ኢትዮጵያ የተወለደችበት እሳት» ብሎ መጻፍ አይገባም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትቃጠል ከጥቂቶቹ በቀር አብያተ ክርስቲያናቷ ነደዱ። ከዚያ እሳት ምን ተወለደ? ንጉሡ ያን ጊዜ ሥልጣናቸው እየጠበበ፣ ከያቅጣጫው አመፅ እየከበባቸው ነበር። ከቃጠሎው በኋላ ይበልጥ ጠበበ። አገሪቱን በኋላ ያሰባሰቡት ነገሥታት የጎንደር አመድ ምንም አልፈየደላቸውም።

ቴዎድሮስም መርጠዋል። የጎንደርን የብራና መጻሕፍት አላቃጠሉም። ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፤ እዚያ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር ሐሳባቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ አምባውን ዘርፎ አቃጠለ። ዘረፋውን ያጓጓዙት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ናቸው። ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበርና ለሙዚየሙ ገዛ። በጠቅላላው ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ሙዚየሙ ገቡ። ይህንንም ጸሐፊው «የጦርነት ግርግር» ይሉታል። ጨረታ ያለው፣ ገዢው አስቀድሞ ከአገሩ ይዞት የመጣ ገንዘብ ያለው ግርግር አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥቱ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለ እርሱ ሕዝቡ አይታዘዝልኝም ብለው ነበር። ተመለሰላቸው። አዲስ ዘመን የሚጀምር ንጉሥ አሮጌ ብራና ፍለጋ ባሕር ማዶ ደብዳቤ ይልካል እንግዲህ።

ጸሐፊው ክፍሉን «ሳይደግስ አይጣላም» በሚለው ተረት ይዘጉታል። ይህ ተረት ልቅሶ ቤት ገብተን የተጎዳውን የምናጽናናበት ነው። ቤት ለሚያቃጥለው ሰው ፈቃድ ሆኖ ሲጠቀስ ያየሁት ገና አሁን ነው።

«የሚያቃጥለው መሃይሙ ነው፤ ጊዜም ማጥፋቱ አይቀርም»

በዚህ ላይ ላጥር። ግንቦት 10 ቀን 1933 በርሊንና ሌሎች የጀርመን ከተሞች ውስጥ መጻሕፍት አደባባይ ላይ ሲቃጠሉ ዘመቻውን ያደራጀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ነው። ከተቃጠሉት መካከል ጸሐፊው የሚጠቅሱት የፍሮይድ መጻሕፍት አሉበት። በነሐሴ 1992 በቦስኒያ የሳራዬቮ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከተራራው በተተኮሰ ተቀጣጣይ ጥይት ነደደ፤ ከ1.5 ሚሊዮን ገደማ መጻሕፍቱ አብዛኛው ጠፋ። ከተማዋን የከበበውን ወገን ከመሩት ፖለቲከኞች አንዱ ኒኮላ ኮልየቪች ነበሩ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሼክስፒርን ያስተማሩ ፕሮፌሰር ናቸው። ትምህርት ብቻውን እጅ አይዝም።

ጊዜ ያጠፋው ነበር የሚለውንም አልቀበልም። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርበን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ብራና ናቸው፤ አይጥ ይበላቸዋል፤ እርጥበት ያበሰብሳቸዋል። ከ1,300 ዓመት በላይ የኖሩት የሚጠብቃቸው መነኩሴ ሳይጠፋ በመኖሩ ነው። የማሊዋ ቲምቡክቱም እንዲሁ። በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ አብደል ቃድር ሐይደራና ባልደረቦቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥንታዊ ጽሑፎችን በብረት ሣጥን እያደረጉ፣ በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ አሸሹ። ሳራዬቮ ላይም ሰዎች በጥይት መሐል ተሰልፈው መጽሐፍ ሲቀባበሉ አድረዋል፤ አንዲት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በዚያው ሕይወቷን አጥታለች። «ማልቀስ ትርፉ ድካም ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እነዚህን ሰዎች ይበድላል።

«ብዙ ሰው ሲያብድ ተጠያቂ የለም»

አሁን የካቲት 12። ጸሐፊውን ልጠይቅ፦ ንዴት በሰዓት ይቆማል?

የሆነው ይህ ነው። ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ የጣሊያን ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ። ወታደሮቹ እዚያው ግቢ ውስጥ በተሰበሰበው ድሃ ላይ ተኮሱ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ንዴት ቢሉት ልረዳቸው እሞክራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዕለት የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ «ጥቁር ሸሚዝ» የሚባሉትን የፋሺስት ታጣቂዎች ሰብስቦ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጣቸው። ሦስት ቀን ግደሉ፣ አቃጥሉ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ቡድን ተመደበ። ቤንዚን ታደለ። ጎጆዎች ሰው ውስጣቸው እያለ በሩ ተዘግቶ ተቃጠሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም እሳት ተለቀቀበት። በሦስተኛው ቀን ያው ኮርቴዜ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ይቁም ብሎ ትእዛዝ አወጣ። ፈቃዱ ተነሣ፤ እሳቱም ቆመ። ያ ሁሉ «ያበደ ሕዝብ» ሰዓቱን አይቶ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው? የሞተውን ሰው ብዛት የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ይለዋል፤ ታሪኩን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምፕቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። የቱንም ብንይዝ የሦስት ቀን ሥራ ነው።

ከዚያ የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ መግደል ቀጠለ። በግንቦት ወር ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ተከበበች። ጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓል ጠብቆ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ነው የመጣው። መነኮሳቱና ምእመናኑ በካሚዮን ተጭነው ወደ ገደል አፋፍ ተወስደው ተረሸኑ። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ብሎ ቆጥሯል፤ ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ጨምሯል። ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ባደረጉት ጥናት ቁጥሩ ከ1,400 እስከ 2,000 ይደርሳል። ከቦምቡ ሦስት ወር አልፎ ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ፣ የበዓል ቀን መርጦ፣ ካሚዮን አዘጋጅቶ፣ ሬሳ ቆጥሮ ቴሌግራም የሚልክ ምን ዓይነት ንዴት ነው?

ተጠያቂ የለም የሚለውም እውነት አይደለም፤ መጠየቅ ይቻላል። አህመድ አል ፋቂ አል ማህዲ በ2012 የቲምቡክቱን የቅዱሳን መቃብሮች ያስፈረሰ ሰው ነው። እርሱም መጀመሪያ አይፍረሱ ብሎ መክሮ ነበር። በኋላ ግን ተስማማ። ስለ ማፍረሱ ስብከት ጻፈ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚፈርስ ወሰነ፤ ሥራውን ቆሞ ተቆጣጠረ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2016 የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈረደበት። ራሱም ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። መቃብሮቹን ደግሞ የከተማዋ ግንበኞች መልሰው ሠርተዋቸዋል።

ግራዚያኒ ግን ለየካቲት 12ም ለደብረ ሊባኖስም ፍርድ ቤት አልቀረበም። በ1950 በአገሩ የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ከወራት በኋላም ተፈታ። በ2012 አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት። ይህ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያት «የጦርነት እብደት ነበር፣ ማንንም አንጠይቅ» የሚለው አነጋገር ነው። ያንን አነጋገር አሁን ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በአማርኛ ሲጽፈው ማየት ያማል።

ስለ ሆሜርና ስለ ፍሮይድ ከጸሐፊው ጋር ተለያይተን ብንቀር ችግር የለብኝም። የየካቲት 12 አንቀጽ ግን እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። «ንዴት ያሳበደው ሕዝብ» የሚለው ይውጣና የጊዶ ኮርቴዜ፣ የፒዬትሮ ማሌቲና የሮዶልፎ ግራዚያኒ ስም በቦታው ይግባ።